የማርያም ዕለት አየር

እትዬ ወለተሩፋኤልን መጀመሪያ ያገኘኋቸው እኔ አድማሴ ነኝ፤ ስለዚህ ወሬውን ከሌላ ሰው የሰማችሁ ካላችሁ እሱን ተዉት።

ቀኑ መስከረም ሃያ አንድ፣ የግሸን ማርያም ነው። ከአያ ክንዱ ቤት የማኅበሩን ጠላ ጠጥቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ፣ አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አየኋቸው። «እትዬ፣ ለካ እርስዎም ይደግማሉ!» ብዬ ልተርባቸው ጠጋ ስል ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

«መድኃኒትዎስ? ያ የሚነፋው?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት ትተውታል። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው ወደ መንገዱ ማዶ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ወደ ቆመው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጠቆሙኝ። ምሰሶው ላይ አረንጓዴ ቆርቆሮ ተሰቅሏል።

ገባኝ። አረንጓዴ ባያዩ ኖሮ ከቤታቸው አይወጡም ነበር።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ኦክስጅን ተሰካላቸው። ሐኪሙን «ይተርፋሉ?» ብዬ ብጠይቀው «እስቲ ይንጋ» አለኝ።

የምሰሶውን ነገር ለማታውቁ ላስረዳችሁ። አያ ኪዳነ ማርያም ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያደልባል፤ እሳቸው አየር መቁጠር ጀመሩ። ቫዝሊን የተቀባች ትንሽ መስታወት ጣሪያቸው ላይ ያስቀምጣሉ። በማግሥቱ ጠዋት አውርደው፣ የተጣበቀባትን የሣርና የአበባ ብናኝ በአሮጌ ማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ከዚያ ሰማዩንና ነፋሱን አይተው የዕለቱን አየር ይተነብያሉ። ብናኙ የማያሰጋ ከሆነ አረንጓዴ፣ መካከለኛ ከሆነ ቢጫ፣ አስም ላለበት ሰው የማይሆን ከሆነ ቀይ ቆርቆሮ ይሰቅላሉ። የተቀሩት ሁለቱ ምሰሶው ሥር ባለች ቁልፍ አልባ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ስድስት ዓመት ስቀንባቸዋል። እኔ ራሴ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ትንፋሽ ቆጠሩ?» እላቸው ነበር። ይሁን እንጂ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሣሩ ሲያብብ፣ የአስም ሰው ያለበት ቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ምሰሶ ነው።

*

በማግሥቱ ኢንስፔክተር ሳሪት መጣች። የአይከል ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲዋሽ የማታቋርጥ ዓይነት። የመጣችው የእትዬ ወለተሩፋኤል ታናሽ ወንድም ማንያዘዋል ከስሶ ነው። ሱቄ ውስጥ ካለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለችና ያችን ቢሮዋ አደረገቻት።

«እርስዎ ስላገኟቸው ምስክሬ ነዎት፤ ከዚህ አይራቁ» አለችኝ።

«ኧረ የት እሄዳለሁ፣ ሱቁ እኮ የኔ ነው!»

አልሳቀችም።

ማንያዘዋል ገና ሳይቀመጥ ጮኸ። «ሽማግሌው እህቴን በቁሟ ገደላት! መነጽሩን አናቱ ላይ አድርጎ መነጽር የሚፈልግ ሰው የአየር ሹም ይሁን?»

አያ ኪዳነ ማርያም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አያ ክንዱ ደግሞ አጠገባቸው ሆነው ትከሻቸውን አቅፈዋቸዋል። ሁለቱ የአርባ ዓመት ወዳጆች ናቸው፤ በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ፣ የአንዱን ልጅ ሌላው ክርስትና አንሥቷል።

«ቀይ ነው የሰቀልኩት፣ ልጄ» አሉ አያ ኪዳነ ማርያም።

«ሲሰቅሉ ያየዎት አለ?»

«ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሰቅዬ ማክሰኝት ለቅሶ ሄድኩ። ስመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ እሷ ሆስፒታል ገብታለች።»

ኢንስፔክተሯ ደብተራቸውን ገለጠች። «የሃያ ቀን ቆጠራ ዘጠኝ ይላል። ዘጠኝ ብዙ ነው?»

«ኢምንት ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀይ?»

«ዘጠኙ የሃያ ቀን ነው። በሃያ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ዘነበ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ዝናብ ብናኙን ያወርደዋል። የማርያም ጠዋት ግን ሰማዩ ጠርቶ ከአርማጭሆ በኩል ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ውኃ የጠጣ ሣር ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ የያዘውን ሁሉ ይለቀዋል። የምቆጥረው ትናንትን ነው፤ የምናገረው ዛሬን።»

«ትንቢቱን የት ይጽፉታል?»

«ቆርቆሮው አለ አይደል? መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?»

«የሃያ አንድን አየር የያዘው መስታወትስ?»

አዛውንቱ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። መሐረቡ ውስጥ ስብርባሪ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ጣሪያዬ ላይ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ተረግጧል።»

«ኪዳነ፣ አንተ ራስህ ረግጠኸው ይሆናል» አሉ አያ ክንዱ በለስላሳ ድምፅ። «ትናንት ማታ ተሸብረህ ነበር እኮ። ማርጀት ነውር አይደለም፣ ወንድሜ። ቀዩን አስበህ እጅህ አረንጓዴውን አንሥቶ ቢሆንስ?»

አያ ኪዳነ ማርያም እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

*

ሰፈሩ በአንድ አፍ የጠረጠረው መዝሙርን ነው። መዝሙር ለበዓል የሚጎዘጎዝ እርጥብ ሣር ይሸጣል። ቀይ በተሰቀለ ቁጥር ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ምሰሶውን ሲረግም ያልሰማ የለም፤ ዓምና በድንጋይ መትቶታል።

«መታሁት፤ አልክድም» አለ እግሩን አነባብሮ። «ኧረ ብነቅለውም ደስ ይለኝ ነበር።»

«የማርያም ጠዋት የት ነበርክ?» አለች ኢንስፔክተር ሳሪት።

«ትክል ድንጋይ። ሣር ጭኜ ስመለስ የማኪናው ጎማ ፈንድቶ እስከ ስምንት ሰዓት መንገድ ላይ ተገትሬያለሁ።»

«በግሸን ማርያም ሣር ታጭዳለህ?»

«ያጨድኩት በዋዜማው ነው! የጫንኩት በማርያም ነው። ማጨድና መጫን አንድ ነው እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ። እሷ ሾፌሩ ጋ ደወለች፤ የጎማ ጠጋኙ ጋም ደወለች። ልክ ነው፤ መዝሙር ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ አጉረመረመ። «እንዲያውም በዚህ መስከረም ደህና የገዛኝ አያ ክንዱ ብቻ ናቸው። ከሳምንት በፊት ነው አምስት ሸክም ያዘዙኝ። እንደ ሌላው ሰው 'እስቲ የምሰሶው ቀለም ይታይ' አላሉም። ሸጋ ሰው ናቸው።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ጻፈችው። ምኑ እንደሚጻፍ አልገባኝም።

ከዚያ ምሰሶው ሥር ያለችውን ሣጥን ከፈተች። ቀዩን ቆርቆሮ በጓንት አንሥታ ስታገላብጠው ጠርዙ ላይ አውራ ጣት የሚያህል አረንጓዴ እድፍ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከአረንጓዴው ጋር ሲፋተግ የነካው ነው» አልኳት። «ሣጥኗ ጠባብ ናት፤ ስድስት ዓመት እርስ በርስ ሲላተሙ ኖረዋል፣ እንደ ጎረቤት።»

«ይሆናል» አለችና በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

*

በሦስተኛው ቀን የአያ ኪዳነ ማርያምን ዓይን ልትፈትን ቤታቸው ሄድን። አንዲት መስታወት ሁለት ጊዜ አስቆጠረቻቸው፤ በመሐል ከክፍሉ አስወጥታ። መጀመሪያ ሠላሳ ስምንት አሉ። ቀጥሎ ሠላሳ ዘጠኝ።

«ዓይንዎ ደህና ነው።»

«ዓይኔን አይደለም የፈራሁት» አሉ። ፊታቸው በሦስት ቀን ከስቷል፤ ጺማቸውን አልተላጩም። «ክንዱ ጠዋትም ማታም እየመጣ ያጽናናኛል። 'አምነህ ይቅርታ ጠይቃት፣ ይቅለልህ' ይለኛል። አሁን አሁን አረንጓዴውን ስሰቅል ይታየኛል። ልጄ፣ ቀዩን መስቀሌን እኮ ረሳሁት። ልፈርምልሽና ይለቅ። ማይክሮስኮፑንም ለትምህርት ቤት እሰጣለሁ።»

«ከፈረሙ በቸልተኝነት ሰው ለሞት በማድረስ ሊከሰሱ ይችላሉ፤ ወይዘሮዋ ካልተረፉ።»

«አውቃለሁ።»

ስድስት ዓመት የቀለድኩበት ሰው ሲሰበር ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አልሰጠቻቸውም። «እስከ ነገ ይቆዩኝ» አለች።

*

ከዚያ ቀጥታ አያ ክንዱ ጋ ሄድን። ቤታቸው ከምሰሶው ሃያ እርምጃ አይሆንም። በራቸው ላይ ቆመው ተቀበሉን። ቆርቆሮ በራቸው ለማኅበሩ ተብሎ አዲስ ተቀብቶ እንደ ጎመን ቅጠል ያብረቀርቃል።

«የማርያም ጠዋት የት ነበሩ፣ አያ?»

«የት እሆናለሁ! ቅዳሴ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገብቼ የወጣሁት አራት ሰዓት ነው። ከዚያ ማኅበርተኛ ተቀበልኩ።»

«ምሰሶውን አላዩትም?»

«ስመለስ አረንጓዴ ነበር፤ እንደ ሁሉም ሰው አየሁት። ኪዳነን አትንኩብኝ፣ ልጄ። አርጅቶ ነው እንጂ ክፋት የለበትም።»

ኢንስፔክተሯ አስነጠሳት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሩን ተደግፋ መሐረብ ስታወጣ ቀና ብላ ቀለሙን በቅርብ አየችው።

«ይማርሽ!» አልኳት።

«ያማረ ቀለም ነው። መቼ ቀቡት?»

«በዋዜማው፣ ሃያ ከሰዓት በኋላ። በማርያም ቀን ብሩሽ የምይዝ መሰልኩሽ?»

«በእጅዎ?»

«በገዛ እጄ።»

ከቦርሳዋ ትንሽ ምላጭ አወጣች። «ትንሽ ቀለም ልጬ ብወስድ ቅር ይልዎታል?»

አያ ክንዱ ሳቁ። «ምነው? በሬ ምን አደረገ?» አሉ።

በሩ ምን እንዳደረገ እኔም አልገባኝም ነበር። ከጥፍር የማትበልጥ ቅርፊት ከመንገዱ በኩል ላጠችና በወረቀት ጠቀለለቻት።

*

አያ ኪዳነ ማርያም ቅርፊቷ ከየት እንደመጣች አልተነገራቸውም። በውኃ አጠቡዋት፤ «ከላይ ያረፈ ይሄዳል፤ የሰመጠ ይቀራል» አሉ። ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገብተው አጎነበሱ።

መጀመሪያ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀስ በቀስ ጀርባቸው ቀና አለ። ድሮ ክፍል ሲገቡ እንዲህ ቀና ይሉ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ነግረውኛል።

«መቶ አርባ ሁለት» አሉ። «በዚህች ጥፍር በምታክል! አብዛኛው የሣር ነው። ማር ላይ እንደወደቀ ዝንብ ከቀለሙ ውስጥ ሰምጧል። ይህ ቀለም እርጥብ በነበረበት ሰዓት አየሩ ቀይ ነበር። ከቀይም በላይ።»

«ሃያ ከሰዓት በኋላ የተቀባ ሊሆን ይችላል?»

«ሃያ ከሰዓት እኮ ዶፍ ነበር። ዝናብ የመታው እርጥብ ቀለም ይፈነጣጠራል፤ ይህ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። የተቀባው የማርያም ጠዋት ነው፤ ነፋሱ ከተነሣ በኋላ። ልጄ፣ ትንቢቴ ልክ ነበር! ቀዩን...»

አልጨረሱትም፤ ራሳቸው አቆሙት። ቅርፊቷን በጣታቸው አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። የጎመን ቅጠል አረንጓዴ።

ኢንስፔክተሯ ቀዩን ቆርቆሮ ከላስቲኩ አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። ጠርዙ ላይ ያለው የአውራ ጣት እድፍም የጎመን ቅጠል አረንጓዴ ነው። ስድስት ዓመት ፀሐይ ከመታው ከምሰሶው ቆርቆሮ ቀለም ጋር አይገናኝም። እኔ ነበርኩ ተፋትጎ ነው ያልኳት፤ ጨርቅ በቀለም የማመሳስለው ሰውዬ!

«በሩ የማን ነው?» አሉ አያ ኪዳነ ማርያም፤ ያወቁትን ለመስማት።

ኢንስፔክተሯ ቆርቆሮውን ወደሳቸው ገፋችላቸው።

«ቆይ እንደገና ልቁጠረው» አሉ። ቆጠሩት። ሦስተኛም ቆጠሩት። ትንሽ ቁጥር እንዲመጣ የፈለጉ ይመስለኛል።

*

አያ ክንዱ ሦስታችን ስንመጣ ሲያዩ ከግቢው አልወጡም። የበዓሉ ጉዝጓዝ ደርቆ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል።

«በሩን የቀቡት የማርያም ጠዋት ነው» አለች ኢንስፔክተር ሳሪት። «ቅዳሴ አልነበሩም። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ እጅዎ ቀለም እንደሆነ ሄደው ቀዩን አወረዱ። አያ ኪዳነ ማርያም ማክሰኝት እንደሚውሉ ያውቃሉ። ማታ ሰዉ ሆስፒታል ሲሯሯጥ መስታወቱን ሰበሩ።»

አያ ክንዱ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ዓምና ምን ሆንኩ?» አሉ ወደኔ ዞረው። «አንተ ንገራት። የማርያም ተራ የኔ ነበር። ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቼ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሣሩ ተጎዝጉዞ፣ ቀይ ተሰቀለ። ቄሱም ያስላቸዋል፣ ወለተሩፋኤልም ያስላታል። 'የክንዱ ቤት ከሣሩ ሥር ነው፤ ሲሚንቶ ቤት ይሻላል' ተባለ። ጽዋው ከቤቴ ተነሥቶ በደጄ በኩል አልፎ እሷ ቤት ገባ። የማኅበር ጽዋ ከቤቱ ሲወጣበት ያየኸው ሰው አለ?»

«አያ...»

«በማግሥቱ እዚያው ስፌትህ ላይ ቁጭ ብለህ ምን አልከኝ? 'አያ ክንዱ፣ ጽዋው እንኳ እግር አውጥቶ ሸሸዎት' አላልከኝም? ሰፈሩ ዓመት ሙሉ አልሳቀበትም?»

ብዬ ነበር። ጥሩ ቀልድ መስሎኝ በየጠላ ቤቱ ደጋግሜዋለሁ። የማርያም ዕለትም ከሳቸው ጠላ ሦስት ዋንጫ ጠጥቻለሁ።

«ዘንድሮ ተራው ሲመለስልኝ፣ ምንም ቢሰቀል ጽዋው ከቤቴ አይወጣም ብዬ ሣሩን ከሳምንት በፊት አዘዝኩ። አንድ ቀን ነው አልኩ» አሉ አያ ክንዱ። «በአንድ ቀን ሰው የሚሞት አልመሰለኝም። በሬን ቀብቼ ልጨርስ ስል ቀና ብዬ ቀዩን አየሁት። እጄን እንኳ ሳልጠርግ ነው የሄድኩት።»

አያ ኪዳነ ማርያም እስካሁን ቆመዋል።

«ቆርቆሮውን ለነፍስ አባትህና ለሕግ ንገር» አሉ። «የኔ እሱ አይደለም። ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ እጄን ይዘህ፣ እጅህ ስቷል አልከኝ። እኔም አመንኩህ፣ ክንዱ። ከዓይኔ ይልቅ አንተን አመንኩ።»

አያ ክንዱ ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ኢንስፔክተሯ «እንሂድ፣ አያ» አለቻቸው። በአዲሱ በር ሲወጡ እንዳይነካቸው ብለው ትከሻቸውን ሰበሰቡ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

*

እትዬ ወለተሩፋኤል ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆይተው ተመለሱ። ማንያዘዋል አያ ኪዳነ ማርያም እግር ላይ ሊወድቅ ሄዶ በር ላይ አስቀሩት፤ «ተማሪዬ ብትሆን አስተካክልህ ነበር» ብለው።

እትዬ ለመጀመሪያ ቀን ከቤት ሲወጡ አየኋቸው። ምሰሶው ላይ አረንጓዴ ተሰቅሏል፤ ሣጥኗም ቁልፍ ተገዝቶላታል። እትዬ በሥሩ አለፉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ሄደው ከአያ ኪዳነ ማርያም ጣሪያ ሥር ቆሙ።

«ኪዳነ ማርያም!»

«አቤት!»

«ዛሬ እንዴት ነው?»

«ሸጋ ነው። ውጪ።»

«ማን ነው የሚናገረው?»

«እኔ ነኝ እንጂ!»

«ፊትህን አሳየኝ።»

አያ ኪዳነ ማርያም መሰላሉን ይዘው ከጣሪያው ጠርዝ ፊታቸውን ብቅ አደረጉ። መነጽራቸው አናታቸው ላይ ነው። ይህን ዓይቼ የምለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

እትዬ ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው በመንገዱ ሄዱ። መድኃኒታቸውን ግን በቀኝ እጃቸው ጨብጠውት ነበር።